ሩፈይዳ፦ ስለ አንድ ብርቅ የዐረብኛ የሴት ስም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሩፈይዳ በአገራችን እምብዛም የማይሰማ፣ ነገር ግን ዕድሜው ከእስልምና ታሪክ ጅማሮ የሚቀድም የዐረብኛ ስም ነው። ለሴት ልጃቸው ስም የሚመርጡ ወላጆች፣ ስሙን ከነርስነት ሙያ ጋር ተያይዞ የሰሙ የጤና ተማሪዎች እና በዚህ ስም የሚጠሩ ልጃገረዶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ሩፈይዳ ማለት ምን ማለት ነው?

በአጭሩ «ትንሿ ስጦታ» ወይም «ትንሿ ደጋፊ» ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ አጭር ፍቺ ስሙ የተሸከመውን ሁሉ አያሳይም፤ ስለዚህ ወደ ሥሩ ወረድ ብሎ ማየት ይገባል። ሥሩ «ረ-ፈ-ደ» የሚሉት ሦስት ተነባቢዎች ሲሆኑ፣ በዐረብኛ «ረፈደ» ሰጠ፣ ረዳ፣ ደገፈ ማለት ነው። «ሪፍድ» ስጦታና እርዳታ ነው፤ ዐረቦች እንግዳ የሚያጠጡበትን ትልቅ የወተት ዕቃም «ሪፍድ» ይሉት ነበር፤ በአንድ አለባ ይህን ዕቃ የምትሞላ ግመል ደግሞ «ረፉድ» ትባላለች። ለትልቁ ወንዝ ውኃ የሚያቀብል ገባር ወንዝ «ራፊድ» ነው፤ ጤግሮስና ኤፍራጥስ የሚፈሱባት ኢራቅ «የሁለቱ ራፊዶች አገር» ተብላ የምትጠራውም በዚሁ ቃል ነው።

ከዚሁ ሥር የወጣው «ሪፋዳ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ ሁለቱም ስሙን ለመረዳት ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው ከእስልምና በፊት በመካ የነበረ የሹመት ስም ነው። ቁረይሾች ከየሀብታቸው እያዋጡ ወደ መካ ለሚመጡ ሐጃጆች፣ በተለይም ስንቅ ለሌላቸው፣ ምግብ የሚያቀርቡበት ኃላፊነት ሪፋዳ ይባል ነበር። ሥርዓቱን ያቆመው ቁሰይ ኢብን ኪላብ እንደሆነ ይነገራል፤ በኋላም ኃላፊነቱ ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ቅድመ አያት ለሃሺም ደረሰ። ሃሺም የመጀመሪያ ስሙ ዐምር ሲሆን፣ ዳቦ በመረቅ እየፈተፈተ ሐጃጆችን ያበላ ስለነበር «ፈትፋቹ» ለማለት ሃሺም የተባለው በዚህ አገልግሎቱ ነው። የሪፋዳ ሁለተኛ ትርጉም ደግሞ ቁስል የሚደገፍበት የጨርቅ እራፊ፣ በዛሬ አነጋገር ፋሻ ማለት ነው። በዚህ ስም ከተጠሩት ሴቶች ሁሉ የታወቀችው ሩፈይዳ ቁስለኞችን በማከም የምትታወስ መሆኗን ለሚያስብ ሰው፣ ስምና ሥራ እንዲህ ሲገጣጠሙ ማየት በእጅጉ ልብ የሚነካ ነው።

«ትንሿ» የሚለው ከየት መጣ? ስሙን አያሳንሰውም?

አያሳንሰውም። ሩፈይዳ የተሠራው ዐረቦች «ተስጊር» በሚሉት የማሳነሻ ቅርጽ ነው። የቃሉ የመጀመሪያ ፊደል በ«ኡ» ድምፅ ይነበባል፣ ሁለተኛው በ«ኧ» ይከተላል፣ ከዚያም «ይ» ይገባል። ሐሰን የሚለው ስም ሑሰይን የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ አቡ ሁረይራ የተባሉት ሶሓባም (የነቢዩ ባልደረባ) ይህን መጠሪያ ያገኙት ይወዷት ከነበረች ድመት ነው፤ «ሂራ» ድመት፣ «ሁረይራ» ደግሞ ትንሽ ድመት ነውና። ኑሰይባ፣ ኡመይማ፣ ቡሰይና እና ሩመይሷ የሚሉት የሴት ስሞችም በዚሁ ቅርጽ የተሠሩ ናቸው። ይህ ቅርጽ ብዙውን ጊዜ ማቆላመጥንና ፍቅርን ይገልጻል። አማርኛ በስም መጨረሻ ላይ «ዬ» ጨምሮ የሚያደርገውን፣ ዐረብኛ በቃሉ መሐል ድምፅ በመለወጥ ያደርገዋል። ስለዚህ ሩፈይዳ የሚለው ስም አስቀድሞም የተቆላመጠ ስም ነው ማለት ይቻላል።

«ፋይዳ» ከሚለው ቃል ጋር ዝምድና አለው? «ረፈደ» ከሚለውስ?

ይህን ጥያቄ የሚያነሱት አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ማንሣታቸውም ተገቢ ነው። የብሔራዊ መታወቂያችን መጠሪያ የሆነው «ፋይዳ» ጥቅም ማለት ሲሆን ከዐረብኛው «ፋኢዳ» የመጣ ነው። በድምፅ ቢቀራረቡም የፋይዳ ሥር «ፈ-የ-ደ»፣ የሩፈይዳ ሥር ግን «ረ-ፈ-ደ» ስለሆነ አንዱ ከሌላው የተወለደ አይደለም። በሩፈይዳ ውስጥ ያለው «ይ» የማሳነሻ ቅርጹ ምልክት እንጂ የሥሩ ፊደል አይደለም።

የአማርኛው «ረፈደ»፣ ማለትም ማለዳው አለፈ፣ ከስሙ ሥር ጋር በፊደል አንድ ቢመስልም በትርጉም የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ሕፃናት በትምህርት ቤት በስም መቀላለድ ስለሚወዱ «አረፈድሽ ወይ?» የሚል ቀልድ መምጣቱ አይቀርም ብለው የሚሰጉ ወላጆች አሉ። ልጅቷ የስሟን ትርጉም ከልጅነቷ ጀምሮ በደንብ ካወቀች መልሱን ራሷ ትሰጣለች፤ ስም የሚያወጣ ቤተሰብም ትርጉሙን ማስተማሩን የስም ማውጣቱ ክፍል አድርጎ ቢያየው መልካም ነው።

በዚህ ስም የታወቀችው ሩፈይዳ ማን ናት?

ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ.) በነቢዩ ዘመን በመዲና የኖረች፣ ከአስለም ጎሣ የሆነች ሶሓቢያ (የነቢዩ ሴት ባልደረባ) ናት። ከሁሉ ይልቅ የምትታወሰው በ5ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ627፣ በተካሄደው የኸንደቅ (የቦይ ምሽግ) ዘመቻ ጊዜ ባደረገችው አገልግሎት ነው። በዚያ ዘመቻ የአውስ ጎሣ አለቃ የነበረው ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ ክንዱ ላይ ባለው የደም ሥር በቀስት ተመታ። ነቢዩም በቅርብ ሆነው ሊጠይቁት እንዲችሉ በሩፈይዳ ድንኳን ውስጥ እንዲያርፍ አዘዙ፤ ድንኳኑም በመስጂዳቸው ውስጥ የተተከለ ነበር።

ቀደምት የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ እሷ የጻፉት አጭር ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቃል ክብደት አለው። ቁስለኞችን ታክም እንደነበር፣ ከሙስሊሞችም መካከል ተንከባካቢ የሌላቸውን ምንዳዋን ከአላህ ብቻ እየጠበቀች በራሷ ፈቃድ ታገለግል እንደነበር ይገልጻሉ። በሌላ ዘገባ ደግሞ ነቢዩ ሰዕድ በተኛበት ሲያልፉ ማታ «እንዴት አመሸህ?»፣ ጠዋትም «እንዴት አደርክ?» እያሉ ይጠይቁት እንደነበርና እሱም ሁኔታውን ይነግራቸው እንደነበር ተጽፏል። ይህ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ በየቀኑ የሚለዋወጠው ሰላምታ ነው፤ በዚያች ድንኳን ውስጥ ግን የሕመምተኛን ሁኔታ ጠዋትና ማታ የመከታተል ልማድ ሆኖ እናገኘዋለን። ሰዕድ ቁስሉ እንደገና ፈንድቶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞተ፤ የሩፈይዳ ስም ግን ከእሱ ታሪክ ጋር አብሮ ተላለፈ።

በአንዳንድ ቀደምት መዛግብት የድንኳኗ ባለቤት ኩዐይባ ቢንት ሰዕድ አል-አስለሚያ ተብላ ተጽፋለች። ስለ ኩዐይባ በተጻፈው ዘገባ ላይ በኸይበር ዘመቻ እንደተሳተፈችና ከምርኮው እንደ አንድ ወንድ ድርሻ እንደተሰጣት ይነበባል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሴት ናቸው ወይስ የሁለት የሚለው ሊቃውንት የተለያየ አስተያየት የሰጡበት ጉዳይ ነው። ዛሬ በየማኅበራዊ ሚዲያው ስለ ሩፈይዳ የሚነበቡት ረጃጅም ታሪኮች ግን አብዛኛው ዝርዝራቸው በቀደምቶቹ ዘገባዎች ውስጥ የለም። ለልጃቸው ታሪኩን የሚነግሩ ወላጆች በአጭሩና በተረጋገጠው ላይ ቢቆዩ ይሻላል፤ ጨመር የተደረገበት ታሪክ ለዚህች ሴት አያስፈልጋትም።

«በእስልምና ታሪክ የመጀመሪያዋ ነርስ» መባሏ ትክክል ነው?

አገላለጹ የዘመናችን ነው። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መዲና ነርስነት የሚባል ሙያ በራሱ የቆመ አልነበረም፤ ቁስለኛን ያጠጡና ያከሙ ሌሎች ሴቶችም ነበሩ። የሩፈይዳ ልዩነቷ ሕመምተኛ የሚወሰድባት፣ በስሟ የምትታወቅ ቋሚ ስፍራ የነበራት መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት የሙስሊም አገሮች የነርስነት ትምህርት ቤቶች የሙያቸውን አመጣጥ ሲያስተምሩ ከእሷ መጀመራቸው ተገቢ ነው፤ ከ1,200 ዓመታት በኋላ በክሪሚያ ጦርነት ከታወቀችው ከፍሎረንስ ናይቲንጌል ጋር የሚያነጻጽሯትም ብዙዎች ናቸው።

ስሙ ከሐበሻ ጋር ግንኙነት አለው?

ሩፈይዳ ራሷ የመዲና ሴት ስለሆነች ስሙን የሐበሻ ስም ማድረግ ትክክል አይሆንም። ሆኖም በእሷ ዘመን በመዲና ቁስለኛና ሕመምተኛ ከተንከባከቡት ሴቶች መካከል ከሐበሻ ጋር የተሳሰሩ ሁለት ታላላቅ ሴቶች መኖራቸውን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ማወቅ አለበት። አንደኛዋ ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን ናቸው፤ ስማቸው በረካ ሲሆን ነቢዩን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያሳደጉ ሞግዚታቸው ነበሩ። በኡሑድ ዘመቻ ውኃ ያጠጡና ቁስለኞችን ያክሙ እንደነበር ተዘግቧል።

ሁለተኛዋ አስማ ቢንት ዑመይስ ናት። ከባሏ ከጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ጋር ወደ ሐበሻ ተሰዳ በንጉሡ በነጃሺ ጥበቃ ሥር ብዙ ዓመታት ከኖረች በኋላ በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ ወደ መዲና ተመለሰች። በነቢዩ የመጨረሻ ሕመም ጊዜ በአፋቸው ጎን መድኃኒት በተጨመረላቸው ጊዜ ነቢዩ ወደ ሐበሻ አቅጣጫ እያመለከቱ ከዚያ የመጡ ሴቶች ያመጡት መድኃኒት መሆኑን እንደተናገሩ ተዘግቧል። የሴት አስከሬን ቅርጹ እንዳይታይ የሚሸፈንበትን ቃሬዛም በሐበሻ አይታ ለመዲና ሰዎች ያሳየችው እሷ እንደነበረች ይተረካል። እነዚህ ሴቶች የኖሩት በአንድ ከተማና በአንድ ዘመን ነው። ስለዚህ «ሩፈይዳ ለእኛ ሩቅ ናት» ለሚል ሰው፣ በዙሪያዋ የነበረው የሕክምና ልምድ የሐበሻም እጅ ያለበት መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

የወንድ ወይም የቦታ ስምስ ሆኖ ያውቃል?

አዎን። በጥንታዊው የዐረቦች የዘር ሐረግ ውስጥ ከከልብ ጎሣ አባቶች አንዱ ሩፈይዳ ይባላል፤ በዚያ ዘመን እንደ ኡሳማና ሙዓዊያ ያሉ መጨረሻቸው የሴት ስም የሚመስል የወንድ ስሞች የተለመዱ ነበሩ። በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ በዐሲር ክልል፣ ከኸሚስ ሙሸይጥ አጠገብ የምትገኘው የአሐድ ሩፈይዳ ከተማም ስሟን ያገኘችው በዚያ ከሚኖሩት ሩፈይዳ ከተባሉ ጎሣዎችና ከእሑድ ገበያቸው ነው፤ «አሐድ» እሑድ፣ «ኸሚስ» ደግሞ ሐሙስ መሆኑን ልብ ይበሉ። በዛሬው ጊዜ ግን ስሙ የሴት ነው።

ስሙ በቁርኣን ውስጥ ይገኛል?

ስሙ አይገኝም፤ ሥሩ ግን በሱረቱ ሁድ 99ኛው አንቀጽ ላይ ተጠቅሷል። በዚያ ስፍራ ስለ ፈርዖንና ተከታዮቹ ሲነገር የተከተላቸው እርግማን «ምንኛ የከፋ ስጦታ» ተብሏል። ይህን አይተው የሚጨነቁ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ክፋቱን ያመጣው «ምንኛ የከፋ» የሚለው ቃል እንጂ «ሪፍድ» የሚለው አይደለም፤ ሪፍድ በዚያም ቢሆን ስጦታ ማለት ነው። ነቢዩ መጥፎ ትርጉም ያላቸውን ስሞች ይለውጡ እንደነበር የታወቀ ነው፤ ለምሳሌ ትርጉሙ አመጸኛ የሆነ ስም የነበራትን ሴት ጀሚላ ብለዋታል። ሩፈይዳ ግን በስሟ ትታወቅ ነበር።

ትርጉሙ ይህን ያህል መልካም ከሆነ ለምን ብርቅ ሆነ?

የሙስሊም ሴቶች ስም በአብዛኛው የሚከተለው የነቢዩን ቤተሰብ ነው። በአገራችን ፋጡማ፣ ኸዲጃ፣ ዐኢሻ፣ ዘይነባ እና ሩቂያ በየሰፈሩ የሚሰሙት ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚያ ውጪ ያሉ ሶሓቢያት ስም የሚስፋፋው ታሪካቸው በመድረሳና በመስጂድ ደጋግሞ ሲነገር ነው፤ ሱመያ ለዚህ ምሳሌ ናት። የሩፈይዳ ታሪክ ግን የሚነሣው ስለ ኸንደቅ ወይም ስለ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ ሲነገር በመሐል ነው፤ ሰሚው የሰዕድን ጀግንነት ይዞ ይሄዳል፣ ያስታመመችውን ሴት ስም ግን ይረሳል። በእኔ እምነት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

በዘመናችን ስሙን ያነቃቃው የነርስነት ትምህርት ነው። በባሕሬን የሚገኘው የአየርላንድ ሮያል የቀዶ ሕክምና ኮሌጅ ቅርንጫፍ ለላቀች ወይም ለላቀ የነርስነት ተማሪ በሩፈይዳ አል-አስለሚያ ስም ሽልማት ይሰጣል፤ በሕንድ ዋና ከተማ በኒው ዴልሂ ባለው ጃሚዓ ሐምዳርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም የነርስነት ኮሌጁ በስሟ ተሰይሟል። ስሙ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ሙስሊሞች ዘንድም ይሰማል። በኢትዮጵያ ግን አንዲት ሩፈይዳ በክፍሏ ውስጥ በዚህ ስም የምትጠራ ሌላ ልጅ የምታገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ብዙ ወላጆችም ስሙን የሚወዱት በዚሁ ምክንያት ነው።

እንዴት ይነበባል? በአማርኛስ እንዴት ይጻፋል?

በጽሑፍ ዐረብኛ «ሩ-ፈይ-ዳ» ተብሎ «ፈይ» ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይነበባል። በብዙ የዐረብኛ ዘዬዎች «ኧይ» ወደ «ኤ» ስለሚለወጥ ሩፌዳ ሲባልም ይሰማል፤ ሑሰይን በእኛ አፍ ሁሴን እንደሆነው ማለት ነው። በአማርኛ «ሩፈይዳ» ብሎ መጻፍ ከመነሻው ጋር በጣም ይቀራረባል።

አንድ ትልቅ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ስሙን «ራፊዳ» ብሎ ማሳጠር ወይም መጻፍ አይገባም። በዐረብኛ ቀጭን «ደ» እና ወፍራም «ደ» የተለያዩ ፊደላት ሲሆኑ፣ የግዕዝ ፊደል ግን ሁለቱንም በ«ደ» ስለሚጽፍ ልዩነቱ ይጠፋል። በወፍራሙ «ደ» የሚጻፈው «ራፊዳ» እምቢ ያሉ፣ የተዉ ማለት ሲሆን፣ በሺዓ ሙስሊሞች ላይ የሚሰነዘር የስድብ ቃል ነው። በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ስሕተት ልጅቷን ለማይገባ አለመግባባት ሊያጋልጣት ይችላል። ለማቆላመጥ «ሩፊ» ወይም «ሩፈይድዬ» ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም የስሙን መነሻ አይለውጡም።

በሰነድ ላይ በላቲን ፊደል እንዴት ይመዝገብ?

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ልዩነት በመሐል ባለው ድምፅ ላይ «አይ» ወይም «ዋይ» የሚባለውን ፊደል በመጻፍ እና በመጨረሻው ላይ «ኤች» በመጨመር ወይም በመተው ነው። ሁሉም ተቀባይነት አላቸው፤ ችግር የሚፈጠረው ግን የልደት የምስክር ወረቀቱ በአንድ፣ የክትባት ካርዱ በሌላ፣ ፓስፖርቱ ደግሞ በሦስተኛ አጻጻፍ ሲወጣ ነው። በኢትዮጵያ ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ ስላለበት፣ ወላጆች ወደ ጽሕፈት ቤቱ ከመሄዳቸው በፊት በአንድ አጻጻፍ ተስማምተው፣ በአማርኛም በላቲንም በወረቀት ጽፈው ቢሄዱ ይመረጣል። ከሁሉ ቀላሉ በ«አይ» ጽፎ መጨረሻውን ያለ «ኤች» በ«ኤ» መዝጋት ነው፤ የውጭ አገር ሰው ሲያነበው ለ«ሩፈይዳ» ይቀርባል፣ በኮምፒውተር ሲፈለግም በቀላሉ ይገኛል። ሰነዱ ወጥቶ ከእጅ ከመግባቱ በፊት ደግሞ «ፈ» የሚለው ፊደል «ፋ» ወይም «ፊ» ሆኖ አለመጻፉን መዝጋቢው ፊት ቆሞ አንድ ጊዜ ማንበብ ያስፈልጋል።